ስፒከሩን ከመክሰሳችሁ በፊት

አምስተኛው ክር፣ ሁለተኛው ፍሬት። ኖታዋ ቢ ናት፤ በሴኮንድ 123 ጊዜ ገደማ ትርገበገባለች። ይህችን ኖታ በመታሁ ቁጥር ከጊታሬ አምፕ ውስጥ የሆነ ነገር፣ ጠርሙስ ውስጥ እንደገባች ዝንብ፣ «ዝዝዝ» ይላል። አንድ ፍሬት ወረድ ብዬ ስመታ ጭጭ። አንድ ፍሬት ወጣ ብዬ ስመታ ጭጭ። ወደ ቢ ስመለስ ዝንቧም ትመለሳለች።

አዲስ ስፒከር ካስገባሁ ገና ሁለተኛ ቀኔ ነበር። አብሮኝ የሚጫወተው ወዳጄ ሁለት ጊዜ ሰማና ፈረደ፤ «ስፒከሩ ነው፣ ኮይሉ ይፈትጋል፤ ቶሎ መልሰው!» እኔም የመጣበትን ካርቶን ማፈላለግ ጀምሬ ነበር። ከሦስት ምሽት ፍለጋ በኋላ ግን ስፒከሩ ከደሙ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። ጥፋተኛው ማን እንደነበር ስንደርስበት አሳያችኋለሁ። ከዚያ በፊት ስፒከር ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚቀየርና ለምን አዲስ ስፒከር ባስገባን ማግስት አምፑ የማናውቀውን ድምፅ እንደሚያወጣ ላውራችሁ። ስፒከር መቀየርና ዝዝታ ማደን ለኔ አንድ ሥራ ናቸው፤ አንዱን የጀመረ ሌላውን መጨረስ አለበት።

ስፒከር ስል ሳጥኑን ሳይሆን ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ክብ ነገር ማለቴ ነው። ጀርባው ላይ ከባድ ማግኔት አለ። ማግኔቱ መሃል ላይ እንደ ቀለበት የዞረች ጠባብ ክፍተት አለች። እዚያች ክፍተት ውስጥ በቀጭን ሽቦ የተጠቀለለች ኮይል፣ ግራ ቀኙን ሳትነካ፣ ተንሳፋ ትቆማለች። ከአምፑ የሚመጣው ኤሌክትሪክ ኮይሏን ወደፊትና ወደኋላ ይገፋታል፤ ኮይሏ የተጣበቀችበትን የወረቀት ኮን ይዛው ትሄዳለች፤ ኮኑ አየሩን ይገፋል፤ አየሩ ጆሯችን ይደርሳል። የጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ቼስተር ራይስና ኤድዋርድ ኬሎግ ይህን አሠራር እ.ኤ.አ. በ1925 ካቀረቡት ወዲህ መሠረቱ አልተለወጠም። እኔን ዛሬም ድረስ የሚያስደንቀኝ ግን ወረቀቱ ነው። መቶ ዓመት ሙሉ ስንት ነገር ሲፈለሰፍ የጊታር ስፒከር ኮን አሁንም በብዛት የሚሠራው ከተጨመቀ ወረቀት ነው።

ይህ ወረቀት ሥራው ድምፅ ማስተላለፍ ብቻ አይደለም። ቤት ውስጥ ዘፈን የምናዳምጥበት ስፒከር የተሰጠውን ሳይጨምር ሳይቀንስ እንዲያወጣ ይፈለጋል። የጊታር ስፒከር ግን ራሱ እንደ መሣሪያ ይጫወታል። ዝቅ ባለው ድምፅ ኮኑ እንደ አንድ አካል ይንቀሳቀሳል። ድምፁ ከፍ እያለ ሲሄድ ግን ወረቀቱ በየቦታው በራሱ መንገድ ይተጣጠፋል፤ መሃሉ ወደፊት ሲሄድ ጠርዙ ወደኋላ ይቀራል። ከ5,000 ሄርትዝ በላይ ደግሞ ጉልበቱ ቶሎ ይዳከማል። ዲስቶርሽን የበዛበት ጊታር ጆሮ የማይበሳው በዚህ ድካም ምክንያት ነው። ጥርጣሬ ካላችሁ ያንኑ ጊታር በዲስቶርሽን በቀጥታ ወደ ቤት ስፒከር አስገብታችሁ ስሙት፤ የመጋዝ ድምፅ ነው የምትሰሙት። በአምፕ ላይ ከምናደርገው ለውጥ ሁሉ በወጣበት ገንዘብ ልክ ብዙ የሚሰጠው ስፒከር መቀየር ነው ብዬ የማምነው ለዚህ ነው።

ስትገዙ ሦስት ቁጥሮችን እዩ፤ ኦም፣ ዋት፣ ዴሲቤል።

ኦሙ ላይ ቀልድ የለም። ባለ ትራንዚስተር አምፕ ጀርባው ላይ «ቢያንስ 8 ኦም» ካለ ከዚያ በታች አትውረዱ፤ 4 ኦም ብትሰጡት ከአቅሙ በላይ ኤሌክትሪክ ሲጎርፍ ይሞቃል፣ ሊቃጠልም ይችላል። ባለ ቲዩብ አምፕ፣ ማለትም እነዚያ የሚግሉ የመስታወት አምፖሎች ያሉት፣ የሚፈልገውን ቁጥር ራሱን ስጡት። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቲዩብ አምፕን ያለ ስፒከር ፈጽሞ አትጫወቱበት። ኃይሉ መውጫ ሲያጣ ትራንስፎርመሩ ውስጥ ከፍተኛ ቮልት ይፈጠርና ትራንስፎርመሩን ያበላሸዋል። ሁለት ስፒከር ካለ ሂሳቡ ቀላል ነው። ሁለት ባለ 8 ኦም ስፒከሮች ተከታትለው ከተያያዙ 16 ይሆናሉ፤ ጎን ለጎን ከተያያዙ 4። ፌንደር ትዊን ሪቨርብ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ በ4 ኦም ይሠራል፤ ቮክስ ኤሲ 30 ደግሞ አከታትሎ በ16። በዓይን ሲታዩ ሁለቱም ሁለት ባለ 12 ኢንች ስፒከር የያዙ ሳጥኖች ናቸው፤ ስለዚህ ሽቦውን ሳታዩ አትገምቱ።

ዋቱ ስፒከሩ ሳይቃጠል የሚሸከመው ጉልበት ነው። ፌንደር ደሉክስ ሪቨርብ 22 ዋት ነው የሚባለው፤ ነገር ግን ይህ ድምፁ ጥርት ብሎ ሳለ የሚለካ ነው። አምፑ ሲጮኽና ድምፁ ሲሻክር ከዚያ በላይ ይወረውራል። እኔ ብሆን 22 ዋት ላለው አምፕ 25 ላይ አልቆምም፤ ወደ 40 ወይም 50 እሄዳለሁ።

ሦስተኛውን ቁጥር ብዙ ሰው አያየውም፤ ለዛሬው ጉዳያችን ዋናው ግን እሱ ነው። ስፒከሩ 1 ዋት ተሰጥቶት በ1 ሜትር ርቀት ምን ያህል እንደሚጮኽ ይነግረናል። አንዱ 97 ዴሲቤል፣ ሌላው 100 ዴሲቤል ሊል ይችላል። የሦስት ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ ግን 3 ዴሲቤል ማለት የአምፑን ዋት በእጥፍ ማሳደግ ማለት ነው። ባለ 22 ዋት አምፓችሁ ስፒከሩ ብቻ ተቀይሮለት እንደ ባለ 44 ዋት ሳጥኑን መነቅነቅ ይጀምራል። ለዓመታት ላልተው ተኝተው የነበሩ ብሎኖች፣ የተላቀቁ ማጣበቂያዎች፣ የተንጠለጠሉ ሽቦዎች በአንድ ቀን ይነቃሉ። ሰውም አዲሱን ስፒከር ይከሳል።

ከአሜሪካ ዘመድ ያመጣላችሁ አምፕ ከሆነ አንድ ነገር ላክል። የዚያ አገር መብራት 120 ቮልት ነው፤ የኛ 220። በመካከል የምታስገቡት ትራንስፎርመር ራሱ «እምምም» ስለሚል ከአምፑ አርቃችሁ መሬት ላይ አስቀምጡት፤ እላዩ ላይ አታድርጉት። ካልሆነ የሱን ድምፅ ከአምፑ ስትፈልጉ ታመሻላችሁ።

አሁን ወደ ቅየራው። ሶኬቱን ንቀሉ፤ ቲዩቦቹ እስኪቀዘቅዙ ጠብቁ። ቲዩብ አምፕ ከሆነ የብረት ሻንሲውን አታውጡ፤ ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም 300 እና 400 ቮልት ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። ደግነቱ ስፒከር ለመቀየር ሻንሲው ጋ መድረስ አያስፈልግም። አምፑን በፊቱ የታጠፈ ብርድ ልብስ ላይ አስተኙት። የጀርባ ክዳኑን ብሎኖች ስትፈቱ እያንዳንዱን እንደነበረበት ቦታ ካርቶን ላይ ሰኩት፤ ረጅሙና አጭሩ ከተደባለቁ ረጅሙ የማይገባበት ገብቶ እንጨት ይሰነጥቃል። ሽቦዎቹን ከመንቀላችሁ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ብዙ ጊዜ ተሰክተው የሚወጡ ናቸው፤ ሽቦውን ሳይሆን ብረት ጫፉን በፒንሳ ይዛችሁ ቀስ እያላችሁ ሳቡ፤ በሌላ እጃችሁ ደግሞ የስፒከሩን መሰኪያ ደግፉ።

አዲሱ ስፒከር ከመግባቱ በፊት ጥልቀቱን ለኩ። ማግኔቱ ከአሮጌው ወፍሮ ከትራንስፎርመሩ ጋር ሲላተም ያገኙት ብዙ ናቸው፤ ስፒከሩ በክብነቱ 12 ኢንች መሆኑ ብቻ አይበቃም።

እዚህ ጋ ቆም ብዬ የምነግራችሁ አንድ ነገር አለ። ስፒከሩን የያዙትን ዳዶዎችና ብሎኖች ስትፈቱ እጃችሁ ያለው ካቻቢቴ ብረት ነው፤ አጠገቡ ያለው ደግሞ ማግኔት ነው። ማግኔቱ ካቻቢቴውን ሳታስቡት ጎትቶ ይወስደዋል፤ በመንገዱ ያለው ወረቀት ነው። እኔ በዚህ መንገድ አንድ ጤነኛ ኮን በስቻለሁ፤ ድምፁ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ፤ «ጧ» ሳይሆን «ፍስ» ነው የሚለው። ከዚያ ወዲህ ካርቶን ቆርጬ ኮኑ ላይ ሳልጋርድ ብሎን አልነካም።

አዲሱን አስገብታችሁ ስታጠብቁ የመኪና ጎማ የቀየረ ሰው የሚያውቀውን ዘዴ ተጠቀሙ፤ በመስቀለኛ። መጀመሪያ ሁሉንም በጣት፣ ከዚያ አንዱን ትንሽ፣ ከፊት ለፊቱ ያለውን ትንሽ፣ ደግሞ ሌላውን ጥንድ። ጎማ ላይ ጉልበት ነው የሚፈለገው፤ እዚህ ግን ጉልበት ጠላት ነው። የስፒከሩ ፍሬም ስስ ብረት ከሆነ ከልክ በላይ ስታጠብቁት ይጣመማል፤ ሲጣመም ያቺ ተንሳፋ የነበረች ኮይል የክፍተቱን ግድግዳ ትነካና መፈተግ ትጀምራለች። ደህና የነበረ ስፒከር በገዛ እጃችን የሚታመመው እንዲህ ነው። ጠበቅ ብሎ ሲቆም አቁሙ።

ሽቦውን ከመሰካታችሁ በፊት አንድ ደስ የሚል ሙከራ ልንገራችሁ። አንድ የ1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋይ ውሰዱ። ፖዘቲቩን ከስፒከሩ ፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቩን ከኔጌቲቩ አገናኝታችሁ ለቅጽበት ንኩት። ኮኑ «ጥፍ» ብሎ ወደ ውጭ ይወጣል። መቶ ዓመት ያስቆጠረው አሠራር በሙሉ በዚያች ቅጽበት ዓይናችሁ ፊት ይታያል፤ ልጆች ካሉ ጥሩና አሳዩአቸው። አንድ ስፒከር ብቻ ካላችሁ አቅጣጫው ያን ያህል አያሳስብም። ሁለት ሲሆኑ ግን አንዱ ሲወጣ ሌላው ከገባ የታችኛው ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋል፤ አምፑ የሳሳ ይመስላል። በቴስተር ስትለኩት ደግሞ ባለ 8 ኦም ስፒከር 6 ወይም 7 ቢያሳያችሁ አትደንግጡ። ቴስተሩ የሚለካው የቆመውን ሽቦ ነው፤ 8 የሚባለው ድምፅ ሲያልፍበት ያለው ነው።

ይኸው ተቀየረ። አሁን ዝዝታው።

ሚኒባስ ታክሲ መብራት ላይ ሲቆም ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ሞተሩ በዝግታ ሲዞር የመስኮቱ መስታወት «ትርርርር» እያለ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ሹፌሩ ነዳጅ ሲሰጥ ሞተሩ ይበልጥ ይጮኻል፤ መስታወቱ ግን ዝም ይላል። ጉልበት ጨምሮ ሳለ ዝም ማለቱ ግራ ያጋባል፤ ጉዳዩ ግን የጉልበት ሳይሆን የፍጥነት ነው። ማንኛውም ነገር፣ መስታወትም ሆነ ጣውላ፣ ለመርገብገብ የሚመቸው የራሱ ፍጥነት አለው። ዥዋዥዌ ላይ ያለ ልጅ በጊዜው ሲገፉት በትንሽ ጉልበት ከፍ ይላል፤ ካለጊዜው ቢገፉት ግን ሰው ሲደክም ልጁ እዚያው ነው። የኔ አምፕ ውስጥ ያለችው ዝንብም ምቾቷ በሴኮንድ 123 ነበር። ቢ ስትመጣ በጊዜዋ ተገፋች፤ የጎረቤት ኖታዎች ሲመጡ ካለጊዜዋ።

ስለዚህ ዝዝታ አድራሻ አለው፤ አድራሻውም ኖታ ነው። «አምፔ ይንገጫገጫል» ከምትሉ «አምስተኛው ክር ሁለተኛው ፍሬት ላይ ይንገጫገጫል» ካላችሁ ግማሹ ሥራ አልቋል። ያንን ኖታ ደጋግማችሁ እየመታችሁ ዕቃዎቹን በየተራ መያዝ ብቻ ነው የሚቀራችሁ። ስልካችሁ ላይ ድምፅ የሚያመነጭ መተግበሪያ ጭናችሁ ከአምፑ ጋር ማገናኘትም ትችላላችሁ። ከ80 ሄርትዝ፣ ማለትም ከወፍራሙ ክር አካባቢ፣ ጀምራችሁ ወደ 400 ቀስ እያላችሁ ውጡ፤ ድምፁን ግን ዝቅ አድርጉ። አንዱ ቁጥር ላይ ሳጥኑ በድንገት ይናገራል። እዚያው ቁሙና ሁለት እጃችሁን ለፍለጋው ነፃ አድርጉ።

አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ቀስቃሹ ዝቅ ያለ ኖታ ሆኖ ሳለ የሚሰማችሁ ግን ቀጭንና የሻከረ ድምፅ ነው። ለምን ቢባል፣ የላላው ነገር አጠገቡ ካለው ነገር ጋር በየርግብግቢቱ ይጋጫል፤ እያንዳንዱ ግጭት ትንሽ ጭብጨባ ነው፤ ጭብጨባ ደግሞ በቀጫጭን ድምፆች የተሞላ ነው። ይህን ከኛ በላይ የሚያውቅ ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ፤ በገና አለንና። የበገና አሥሩ ክሮች ከአንጀት የተሠሩ ወፍራም ናቸው፤ ለብቻቸው ቢተዉ ድምፃቸው ለስላሳና ድብን ያለ ነው። በክሩና ክሩ በተቀመጠበት መደገፊያ መካከል ግን እንዝራ የምትባል ትንሽ ቆዳ ትገባለች። ክሩ ሲርገበገብ ቆዳዋን እየነካ ይለቃል፤ እየነካ ይለቃል፤ ያ አጥንት ውስጥ የሚገባ ንዝረት የሚወለደው እዚያ ነው። ደርዳሪው እንዝራዋን በጥቂቱ ወዲህ ወዲያ እያለ፣ ክር በክር እየሰማ ያስተካክላታል። ተፈልጎ፣ ተለክቶ የተሠራ ዝዝታ ማለት ይህ ነው።

ጊታርም የራሱ እንዝራ አጥቶ አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ1964 የኪንክስ ባንድ ጊታሪስት ዴቭ ዴቪስ የትንሽ አምፑን የስፒከር ኮን በምላጭ ሰነጣጥቆ ነው «ዩ ሪሊ ጋት ሚ» ላይ የምንሰማውን የተቀደደ ድምፅ ያገኘው። እሱ ፈልጎ ቀደደ። እኛ የምናድነው ሳይፈለግ የመጣውን ነው፤ ፊዚክሱ ግን አንድ ነው፤ የሆነ ነገር የሆነ ነገርን እየነካ ይለቃል። የነካውን ያዙት ወይም አርቁት፤ ሌላ መድኃኒት የለውም።

የመጀመሪያውን ምሽት ያጠፋሁት ከአምፑ ውጭ ነው፤ እናንተም ከዚያ ጀምሩ። መጫወት ስታቆሙም ድምፁ ከቀጠለ ጉዳዩ የኤሌክትሪክ ነው፤ ከኛ ወሬ ውጭ ነው። ከኖታው ጋር መጥቶ ከኖታው ጋር ከሄደ ቀጥሉ። ጊታሩን ከአምፑ ንቀሉና ያንኑ ኖታ ጆሮአችሁን አስጠግታችሁ ምቱ፤ ክሩ ፍሬት እየነካ ወይም የክር ማጠንከሪያው ብሎን ላልቶ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ክፍሉን እዩ። የኔ ክፍል ውስጥ ረከቦቱ ላይ የተደረደሩ ሲኒዎች ስድስተኛው ክር ላይ አብረው ይዘፍኑ ነበር፤ ወደ ሌላ ክፍል አስወጣኋቸው። አምፑ ላይ የተቀመጠ ቁልፍ፣ ሳንቲም፣ የክር ማሸጊያ ቆርቆሮ፣ ሁሉም ይነሱ። እኔ ግን ይህን ሁሉ አድርጌ ዝንቧ አልወጣችም።

ሁለተኛውን ምሽት ለቲዩቦቹ ሰጠሁ። ቲዩብ ያለው አምፕ ውስጥ መስታወቱ ከያዘው ምንጭ ሽቦ ጋር፣ ወይም ውስጡ ያለው ስስ ብረት እርስ በርሱ ሊንኳኳ ይችላል። በእርሳስ ጀርባ፣ አምፑ በርቶ ሳለ፣ አንድ በአንድ ቀስ ብሎ መታ መታ ማድረግ ነው። አንዱ በስፒከሩ በኩል «ድንግ» ካለ እሱን ተጠራጠሩት። እርሳሱ እንጨት ይሁን፤ ብረት ወደዚያ አታስጠጉ፤ ቲዩቡም ይፋጃልና ጣታችሁን ጠብቁ። ሪቨርብ ካለው ደግሞ ከታች በከረጢት የተጠቀለለ የስፕሪንግ ሳጥን አለ፤ እሱን የያዙት ሁለት ብሎኖች ሲላሉ እንደ ቆርቆሮ ይንጫጫል። የሽቦዎቹን መንገድም ተከተሉ፤ የስፒከሩ ሽቦ ኮኑን ከነካ ፍጹም የስፒከር በሽታ ይመስላል፤ መድኃኒቱ ግን ሽቦውን በፕላስተር ወደ ጎን ማሰር ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ ለማየት የጀርባ ክዳኑን አንስቼ ነበር። ቢን መታሁ። ጭጭ። ደጋግሜ መታሁ። ጭጭ! የስፒከሩን ብሎኖች በዚያው ስለነካካሁ «አገኘሁት» ብዬ ተደሰትኩ፤ ወዳጄንም ደውዬ አበሰርኩት። ክዳኑን መልሼ ገጠምኩ፤ አንድ ጊዜ ለደስታ ያህል መታሁ። ዝዝዝ።

መልሱ እጄ ላይ ነበር፤ ግን መሽቶ ነበርና አልታየኝም። ጠዋት ከእንቅልፌ ስነቃ ነው የገባኝ። ክዳኑ ሲነሳ የጠፋ ድምፅ የክዳኑ ነው።

ሦስተኛው ምሽት ላይ ወዳጄን ጊታሩን አስይዤ «ቢን ብቻ ምታ፤ አታቋርጥ» አልኩትና መሬት ላይ ከአምፑ ጀርባ ተቀመጥኩ። ጋራዥ ውስጥ ሞተር የሚያዳምጥ መካኒክ ረጅም ካቻቢቴ ሞተሩ ላይ አስደግፎ እጀታውን ጆሮው ላይ እንደሚያደርገው እኔ ደግሞ ክንድ የምታህል የፕላስቲክ ቱቦ ቆርጬ አንዱን ጫፍ ጆሮዬ ላይ፣ ሌላውን በክዳኑ ጠርዝ ላይ አስኬድኩ። ከላይ ግራ ምንም። ከላይ ቀኝ ምንም። ከታች ግራ ጥግ ላይ ስደርስ ዝንቧ ጆሮዬ ውስጥ ገባች። ጥጉን በመዳፌ ተጫንኩ፤ ጠፋች። ለቀቅኩ፤ መጣች። ወዳጄ መምታቱን ትቶ ሮጦ መጣና እሱም ተጫነ፣ ለቀቀ፣ ተጫነ። ሁለት ትልልቅ ሰዎች አንድ የጣውላ ጥግ እየተጫንን ስንስቅ አመሸን።

የዚያ ጥግ ብሎን ሲያዩት ቀጥ ብሎ ቆሟል። በካቻቢቴ ሲያዞሩት ግን ዞሮ ዞሮ አይጠብቅም፤ በዓመታት ውስጥ ሲፈታ ሲታሰር የእንጨቱን ቀዳዳ በልቶታል። ክዳኑ በሦስት ብሎን ብቻ ተይዞ አራተኛው ጥግ ከሥሩ ያለውን እንጨት እየነካ ይለቅ ነበር። በአሮጌው ስፒከር ጊዜም ልል ነበር፤ የሚቀሰቅሰው አላገኘም እንጂ። አዲሱ በ3 ዴሲቤል በልጦ፣ ታችኛው ድምፅ ላይም ጠንክሮ ሲመጣ ቀሰቀሰው። ጥገናው ዋጋ የለውም ማለት ይቻላል። የሦስት ክብሪት ጭንቅላት ሰብሬ እንጨቱን የእንጨት ኮላ ቀባሁና ቀዳዳው ውስጥ አጥብቄ ሰካሁት፤ ሌሊቱን ሲደርቅ አደረ። ጠዋት የተረፈውን በምላጭ ቆርጬ ብሎኑን መለስኩት፤ ጥርሱ እንጨቱን ሲነክስ በእጄ ተሰማኝ። በክዳኑና በእንጨቱ መካከልም ስስ የጨርቅ ክር አስገባሁ።

ስፒከሩ ራሱ በእውነት የሚታመምበት ጊዜ የለም አላልኩም። ግን የመጨረሻው ተጠርጣሪ ይሁን። ልታረጋግጡ ስትፈልጉ ሶኬቱ ተነቅሎ ሳለ የአራት ጣቶቻችሁን ጫፍ ከመሃሉ ጉብታ ዙሪያ እኩል አሳርፋችሁ ኮኑን ቀስ ብላችሁ ግፉት። ጤነኛው ዝም ብሎ ይሄዳል፤ ዝም ብሎ ይመለሳል። «ክርር» የሚል የአሸዋ ዓይነት ድምፅ ከሰማችሁ ኮይሏ ግድግዳ ነክታለች። ጠርዙ ላይ የተቀደደ ካለ፣ የመሃሉ ጉብታ ማጣበቂያው ከለቀቀ፣ ወይም ወደ ኮይሏ የሚሄዱት ሁለቱ ልስልስ ሽቦዎች ኮኑን የሚመቱ ከሆነ በባትሪ ብርሃን ይታያል። አሁንም ጥርጣሬ ካላችሁ ስፒከሩን ከሳጥኑ አውጥታችሁ፣ ሽቦው እንደተሰካ፣ ታፋችሁ ላይ አድርጋችሁ በዝቅተኛ ድምፅ ያችኑ ኖታ ምቱ። ከሳጥኑ ወጥቶም ከጮኸ ያን ጊዜ ክሰሱት።

አሮጌው ስፒከሬ ምንም አልነበረበትም፤ የቀየርኩት ድምፁን ሌላ ማድረግ ፈልጌ ነው። መጣሉ አላስቻለኝም። ከተራረፈ ኮምፔንሳቶ ሳጥን ሠራሁለትና ጊታር ለሚማር የጎረቤት ልጅ ሰጠሁት፤ ከትንሿ የትራንዚስተር አምፑ ጋር ኦሙ ይገጥማል። ከትናንት በስቲያ ማታ ደወለልኝ።

«ጋሼ፣ ስድስተኛው ክር ሦስተኛው ፍሬት ላይ ዝዝ ይላል።»

«ሁለተኛው ላይስ? አራተኛው ላይስ?»

«ጭጭ።»

«በል የሳጥኑን እጀታ በመዳፍህ አጥብቀህ ያዝና ድገመው። ስልኩን ግን እንዳትዘጋ።»